የማይጎድል ውሃ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11። ጠዋት

መኪናውን ዛሬም ተኝቶ አገኘሁት። የፊት ቀኝ ጎኑ። ማታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ አገኘዋለሁ። ሳስነሳው ኡፍ ኡፍ እያለ አየር ሞላና ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት። ትናንት አንድ ነበር፣ ዛሬ ሁለት። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው አንዴ መብራቶቹን ያያሉ፣ አንዴ እኔን። ሬዲዮ ከፈትኩ።

ደብተሬ፣ መኪናውን ታውቂዋለሽ። በጋው ሲያልቅ የገዛሁ ቀን ገጽሽን በሙሉ በደስታ አበላሽቼብሻለሁ። ጥቁር፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ዘጠኝ ዓመቱ። ውስጡ ቆዳ። የኋላ ወንበሩ ይሞቃል፣ የኋላ መስኮቱ መጋረጃ አለው። አዲስ ሳለ ለእኔ ቢጤዋ የሆ/ል ረዳት ነርስ በሩን መንካት እንኳ አይፈቀድም። አሁን ረከሰ። ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅኩም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ለምን እንደገዛሁት ግን አትርሺብኝ። አባባ አ.አ. ውስጥ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ሾፌር ሆነው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እንዲህ ያለ ጥቁር መኪና ሲወለውሉ እያየሁ ነው ያደግኩት። ለሰው በር ሲከፍቱ እንጂ ሰው ለእሳቸው ሲከፍትላቸው አላየሁም። እማዬ አርፋ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ አስመጣቸዋለሁ፣ ከኋላ አስቀምጬ ስቶክሆልምን አዞራቸዋለሁ አልኩ። መጡ። አርላንዳ ኤርፖርት የኋላውን በር ከፈትኩላቸው። አመሰገኑኝ፣ በሩን ዘጉት፣ ዞረው ከፊት ገቡ። እስካሁን ከፊት ናቸው።

ቪዛቸው እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ማራዘም ይቻላል፣ ዲሴምበር 9 ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። እንዲቆዩ እፈልጋለሁ። ይሄን ብርድ አልፈው በጋውን ቢያዩት፣ ከዚያም ሌላ መላ አይጠፋም። ስጠይቃቸው እናያለን ይላሉ። እናያለን ማለት እሺ ነው ወይስ እንቢ? ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ ናቸው፣ አሁንም አላውቅም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ስፖንጋ፣ ሙክታር ጋራዥ ዋልኩ። (ከዛሬ ጀምሮ ሙ. ብቻ እለዋለሁ፤ ስሙ በየገጹ ሊመጣ ነው መሰለኝ።) የደሴ ልጅ ነው፣ ጋራዡን ከሌላ መካኒክ ጋር ይጋራል። መኪናውን ሰቅሎ ከሥሩ ገባ። በብረት ሞላ ፋንታ አየር የሚይዝ ጎማ አለው፣ እሱ ተሰንጥቋል። የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው፣ ሁሉም ላይ ይመጣል አለ። አብሽሪ።

ዘጠኝ ሺህ ክሮና። ለአንድ ጎን። የግራውስ? እሱም ይመጣል አለ፣ ገጠር ስላለ ዘመድ እንደሚያወራ ረጋ ብሎ።

ለአባባ ተጨማሪ ሰዓት ልሠራ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። ማታ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም አዩትና ጠየቁ። ትንሽ ሽቦ ነገር ናት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በነጻ አሰራት አልኳቸው። ተመስገን አሉ። ምን ላድርግ? እውነቱን ብነግራቸው ለእኔ ብላ ከሰረች ብለው በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አውቃቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው መኪናውን ከበበው። አንዷ ሴትዮ ኮፈኑን በእጇ እየዳበሰች ይሄማ የሚኒስትር ነው አለች። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይባርክልሽ፣ ለሠርጋችን ታውሺናለሽ። አባባ ደረታቸውን ነፍተው አጠገቡ ቆመዋል። ልጄ ናት የገዛችው፣ ምንም እንከን የለውም፣ ሞተሩ መነሳቱ እንኳ አይሰማም ይላሉ። አገሩን እንዴት አገኙት ሲሏቸው፣ ገነት ነው!

ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን አባባ በዚህ ገነት ውስጥ ከሶፋው እስከ መስኮቱ ሲሄዱ ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ቁራሽ ይቀምሱና ጠገብኩ ይላሉ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። ገነት እንዲህ ናት እንዴ? ግራ ገባኝ።

ስንመለስ ሌላ ነገር። ማሞቂያው በእሳቸው በኩል ይሞቃል፣ በእኔ በኩል ብርድ ይነፍሳል። እግሬ ደነዘዘ። ሙቀቱ ደርሶዎታል ወይ አልኩ። ደርሶኛል፣ አንቺስ አሉ። እኔም ደርሶኛል አልኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19። ጠዋት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ለሥራ ስነሳ የአባባ አልጋ ተነጥፏል። ካፖርታቸው የለም። ጫማቸው የለም። በፒጃማ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጫማ አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ በሩ ተከፈተና ገቡ። እጃቸው ቀይ፣ አፍንጫቸው ቀይ፣ ፊታቸው ግን የታጠበ ያህል በርቷል።

የት ነበሩ? አየር ልቀበል ብዬ ነው። አየር! ለሦስት ሳምንት በረንዳ ላይ ውጡ ብዬ ለምኜ እንቢ ያሉ ሰውዬ። ከዚያ ቁጭ ብለው እንቁላሉን ጨረሱ፣ ዳቦውን ጨረሱ፣ ሻዩን ደገሙ።

ደስ ብሎኝ ልሞት ነው። ግን ምንድን ነው? አንደኛ ፎቅ ውሻ የምታናፍስ ፊንላንዳዊት ባልቴት አለች። በጠዋት ነው የምትወጣው። አትሳቂ ደብተሬ፣ ሰው ነው። ብቻ አልጠይቅም። ከጠየቅኳቸው አፍረው ይተዉታል። ይውጡ።

የመኪናው ቁልፍ ከመስቀያው ወርዶ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ነው። ትናንት እኔ ጥዬው ይሆናል። ድካም ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

እንደገና ሙ. ጋ። ሙቅ ውሃውን ወደ ማሞቂያው የምታስገባ ቫልቭ ሞታለች አለ፣ ይሄም የታወቀ በሽታው ነው። ስንት የታወቀ በሽታ ነው ያለው? እኔ በምሠራበት ክፍል እንኳ አንድ በሽተኛ ይሄን ሁሉ አይዝም። ቀየራት። አራት ሺህ ክ.።

ደግሞ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ከረሜላ የመሰለ ሽታ አለ። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ሰማያዊ በረዶ አያለሁ፣ ትንሽ፣ የብርጭቆ ታች ያህል። ይሄን ነገርኩት። እሱ ነው፣ የራዲያተሩ ፈሳሽ ይፈሳል አለና አየር በፓምፕ ሞልቶ ለካው። ቀስቱ ወረደ። አየሽ፣ ይፈሳል። የፈሳሹን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፈተ።

እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ዘጋው። ከፈተው። በባትሪ አየው። ሌላውን መካኒክ ጠራው፣ እሱም አየው። "እህቴ፣ የሚፈስ ነገር ይጎድላል፤ ይሄ ይፈሳል፣ አይጎድልም። ወላሂ እንዲህ ያለ መኪና ገጥሞኝ አያውቅም" አለ። አብሽሪ ለማለት አፉን ከፈተና ተወው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ቤት ገብቼ ኢንተርኔት አነበብኩ። በዓለም ዙሪያ ሰው ስለዚህ መኪና ያለቅሳል። የአየር ጎማው፣ ማሞቂያው፣ ውሃውን የሚያዞረው ፖምፓ፣ ከሞተሩ ጀርባ የምትሰነጠቀው የፕላስቲክ ቱቦ። የሁሉም ውሃ ይጎድላል። የእኔ ብቻ ነው የማይጎድለው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ሙ. ፈሳሹን በነጭ ብርጭቆ ቀዳና ብርሃን ላይ ያዘው። ሰማያዊ መሆን ነበረበት። የሰማያዊ ሸሚዝ እጣቢ ሆኗል። ውሃ ጨምረሽበታል? አልጨመርኩም። እርግጠኛ ነሽ? በእናቴ አፅም ማልኩ። እንደዚያ ከሆነ የሸጠልሽ ሰውዬ ነው የቀጠነ የሞላበት አለ። ፖምፓውን አዝዟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሁሉንም አጥቦ ይሞላዋል። እስከዚያ ብርዱ ካልበረታ ምንም አይልሽም። አብሽሪ። ይቺ ቃል ተመለሰች፣ ትንሽ ተረጋጋሁ። ሞኝ ነኝ።

ማታ አባባ መኪናው ደህና ነው ወይ አሉ። እንደ አንበሳ ነው አልኩ። አልኩሽ እኮ፣ እንከን የለውም አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ሻያችንን ማማሰል ያዝን። ስኳር የሌለውን ሻይ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፣ ግን የእኔ ሆድ ያውቃል፤ የእሳቸው ሆድ ምን ያውቃል?

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ብርዱ በረታ። አስራ አራት ከዜሮ በታች። አባባ ግን አልቀሩም፣ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ገቡ። የሱፍ ጓንቴን ሰጠኋቸው። ውሻ ያላት ሴትዮ ሰላም ናት ወይ አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እማዬ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። አንቺ ባለጌ፣ አሉ። እንባዬ መጣ። እዚህ ከለመዱልኝ፣ ከሳቁልኝ፣ መኪናው ገደል ይግባ።

ማክሰኞ ነው ቀጠሮው። ቪዛው ይራዘማል፣ ይቆያሉ። ዛሬ እናያለን አላሉም። እሺ አሉ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9። ከሰዓት

መኪናው ፈላ።

ምኑን ልንገርሽ። በረዶ ላይ፣ ሰው ትንፋሹ ፂሙ ላይ በሚደርቅበት ቀን፣ መኪናው ፈላ! ወደ ቀጠሮው በመሄድ ላይ ነን፣ ሁለታችንም ለብሰን፣ አባባ ከረባት አስረው። ቀይ መብራት። የሙቀት ቀስቱ ጣራ ነካ። ማሞቂያው ደግሞ የሚነፍሰው በረዶ ነው። ሞተሩ ይቃጠላል፣ እኛ እንቀዘቅዛለን። እንዴት? ጥግ ያዝኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እንደ ጀበና... አይ፣ ከጀበናም የባሰ።

አባባ ወረዱ። ኮፈኑን ከፈቱት፣ እኔ የት እንደሚከፈት እንኳ የማላውቀውን። አዩ። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እንዲሁ ቆመው ቀሩ። ግቡ፣ ይበርድዎታል አልኩ፣ አልሰሙኝም። እኔ የሚጎትት መኪና ጋ ስደውል፣ ሙ. ጋ ስደውል፣ የቀጠሮው መሥሪያ ቤት ጋ ስደውል፣ እሳቸው እዚያው ናቸው። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ የሚገኘው ቪዛው ካለቀ በኋላ ነው፣ በኢንተርኔት ብታመለክቱ ይሻላል አሉኝ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ጎን ለጎን። ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ሙ. ደወለ። ራዲያተሩን ሲፈታ በረዶ ነው የወጣው። ቁርጥራጭ በረዶ። ፈሳሹ ቀዝቅዞ ሲዘጋው የሞተሩ ውሃ መዞር አቃተው፣ ስለዚህ ፈላ። "እህቴ፣ ይሄ የራዲያተር ፈሳሽ አይደለም፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነው" አለኝ። ከየት መጣ? አያውቅም። እኔም አላውቅም።

የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ። በስዊድንኛ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩበት፣ ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። ሰውዬው ይምላል። ፈሳሹን ያስቀየረበት ደረሰኝ አለኝ፣ ልላክልሽ ይላል። ላከው። እውነት ነው፣ አዲስ ፈሳሽ ነው የሞላበት። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ አፍሬ።

ታዲያ ማን ነው? እኛ ሰፈር አልቢ ውስጥ በሰው መኪና ውሃ እየሞላ የሚሄድ ሌባ አለ? ሌባ ይወስዳል እንጂ ይሰጣል እንዴ?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11። ጠዋት

አወቅኩ።

የማታ ተረኛ ነኝ፣ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ፣ በሕንፃው ጀርባ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል። አባባ ቆመዋል። መኪናችን ይቆምበት የነበረው ባዶ ቦታ ፊት። በእጃቸው ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል፣ ሙሉ ውሃ። ዝም ብለው ባዶውን መሬት ያያሉ። መኪናው እንደሌለ ረስተው ወጥተዋል። እግራቸው ነው ያወጣቸው።

አባባ፣ አልኩ። ዞሩ። ጠርሙሱን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ። አባቴ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከእኔ።

ሁሉንም ነገሩኝ። በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኔ ሥራ ሳለሁ፣ የሾፌር ወግ ነውና ኮፈኑን ከፍተው ውሃውን አዩ። ጎድሏል። ከሥሩ ይንጠባጠባል። ለእኔ ብላ የገዛችው መኪና ያፈሳል ብዬ ምን አፍ አለኝ አሉ። ሞሉት። በማግስቱ አዩት፣ ጎድሏል፣ ሞሉት። አለቃቸው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ መኪናው ታሟል ሲባል ሰምቶ አያውቅም፣ ሰውየው ሳይነቃ ነበር የሚጨርሱት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እንዲህ ነው የኖሩት። ጋራዥ መሄዴን አያውቁም፣ ደብቄያቸዋለሁ። እኔ ውሃ እንደሚሞላ አላውቅም፣ ደብቀውኛል። ሁለት አክባሪ ሰዎች ተከባብረን መኪናውን ገደልነው።

ጮህኩባቸው። እዚህ አገር ውሃ በረዶ ይሆናል አባባ፣ ይሄ አዲስ አበባ አይደለም! ብዬ ጮህኩ። አንድ መስኮት ተከፈተ። የከፈልኩትንም ዘረገፍኩት፣ የአየር ጎማውን፣ ቫልቭዋን፣ ያልመጣውን ፖምፓ።

አላወቅኩም አሉ። ውሃ ነው፣ ውሃ ምን ይጎዳል ብዬ።

ሽቅብ ወጡ፣ ደረጃውን፣ በሊፍት አይደለም። በአባቴ ላይ ጮህኩ። ለመኪና ብዬ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

ጠዋት ሥራ ቦታ፣ ክፍላችን የሉሲያ በዓል ልጆች መጥተው ነበር፣ ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው እየዘመሩ። በሽተኞቹ አለቀሱ። እኔም መድኃኒት የምናዘጋጅበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፣ በሌላ ምክንያት።

ሙ. ፍርዱን ሰጠ። ራዲያተሩ ተሰንጥቋል። ቴስታታው፣ ያ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሙቀት ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሏል። ያ ሁሉ ሲሠራ መኪናው ከሚያወጣው በላይ ይፈጃል። አትሥሪው አለ። ለመለዋወጫ እሱ ይገዛኛል፣ በሮቹና ወንበሮቹ ደህና ናቸው። ያ የሚሞቅ የኋላ ወንበር አንድ ቀን ሰው ሳይቀመጥበት ሊሸጥ ነው።

ማን ውሃ እንደሞላበት አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ብቻ ሲሰናበተኝ አባትሽን ሰላም በይልኝ አለ። ስለ አባቴ አውርቼለት አላውቅም። ያውቅ ይሆን? ለማን ነው የምደብቀው አሁንስ?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

አባባ ጠዋት አይነሱም። ከተነሡም ሶፋው ላይ ናቸው። እንቁላል ጠበስኩ፣ ቀመሱና ተዉት። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ምን በደልሽ ልጄ ይላሉ። ይሄ ነው የሚያበሽቀኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማንን እንደተቀየሙ አላውቅም፣ እኔን ነው፣ ራሳቸውን፣ ውሃውን?

ሌላ መኪና ልግዛ? ትንሽ፣ አሮጌ፣ ውሃ የሚጨመርበት? ምን ዓይነት እብደት ነው። ሰው አባቱን ለማስነሳት የሚያፈስ መኪና ይገዛል?

ማመልከቻው አልተላከም። ፊርማቸው ብቻ ነው የቀረው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ጨልሟል

ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤቴ ሮጬ መጣሁ። ቶሎ ልጻፍልሽ።

ማመልከቻውን አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እዚህ ጋ ይፈርሙ አልኩ። እሺ አሉና እስክሪብቶውን አነሱ። እሺ ሲሉ ድምፃቸውን ሰማሁት። መኪናው እንከን የለውም ያሉበት ድምፅ ነው። እጃቸውን ያዝኳቸው። "አባባ፣ እሺ አይበሉኝ። ለእኔ ብለው አይንገሩኝ። መቆየት ይፈልጋሉ?"

መስኮቱን አዩ። ምንም የሚታይ የለም፣ ጨለማ ነው።

"አልፈልግም ልጄ።"

አመመኝ። ከመጡ ጀምሮ የፈራሁት ቃል ነው፣ ሲመጣ ግን ከፈራሁት በላይ አመመኝ። ከዚያ በኋላ አላቆሙም። ፀሐይ ትወጣለች ትያለሽ፣ አትወጣም። ሊፍት ውስጥ ሰው ሰላም ስለው ጫማውን ያያል። የእናትሽ መቃብር ብቻውን ነው። ገነት ነው ያልኩት ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። መኪናሽም ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ሆዴን ያላውሰኝ ነበር። ይዋኛል እንጂ አይሄድም። ከፊት የተቀመጥኩት ከኋላ ቢሆን ወደ ላይ ስለሚለኝ ነው።

ሳቅኩ! እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ። ያን ሁሉ ገንዘብ፣ ያን ሁሉ ውሸት፣ ለሚያላውስ መኪና። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ጠዋት ጠዋት ግን ደስ ይለኝ ነበር አሉ። ጠርሙሱን ይዤ ስወርድ ሥራ ያለው ሰው ነበርኩ።

ለገና አገሬ ልግባ አሉ። እሺ አልኩ። የምሬን። ትኬታቸውን ዛሬውኑ አስቀይራለሁ፣ ወረቀቱንም ቀድጄዋለሁ። ከብዶኝ ነው ያልኩት፣ ግን ሳይነግሩኝ ከሄዱ በኋላ ከማውቀው ይሻላል።

አለቀ ብዬ ሻይ ቀዳሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አሉና አዩኝ። "አንቺስ? አንቺ ወደሽው ነው የምትኖሪው?"

ደብተሬ፣ ሰው ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም። እሑድ እሑድ በስልክ እንዴት ነሽ ይሉኝ ነበር፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሄደ። ስኳር ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሳቸውም አይተውታል።

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ላንቺም እኮ ይሄን ጽፌልሽ አላውቅም፤ የመኪና መብራትና የሥራ ተራ ነው የሞላሁብሽ። እዚህ ካሳለፍኩት ከመጀመሪያው ክረምት ልጀምር ነው፣ ደህና ነኝ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ከተቀመጥኩበት። ግን ላንቺ አይደለም፣ ለእሳቸው ነው የምነግረው። ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው፣ እየጠሩኝ ነው።